ሳላነብ የፈረምኩት አርባ ዓመት

እኔ የማነብ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚከተለውን ስትሰሙ ትስቁብኛላችሁ፤ ከተናገርኩም በኋላ መሳቃችሁ አይቀርም፣ ግን ልቤን ትንሽ ቀለል ይለዋል። የራስ ምታት ክኒን ስገዛ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚያለብስ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። "አልፎ አልፎ ማዞር ሊያስከትል ይችላል" የሚለው ላይ ስደርስ ክኒኑን ሳልውጠው ያዞረኛል። የሻምፖ ጠርሙስ አነባለሁ። የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የማመላልስ ሻትል ነጂ ስለሆንኩ ከፊቴ የሚሄደው መኪና ኋላው ላይ የለጠፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ በዚህ ጠባዬ ምክንያት ተሳፋሪ ይዤ ወደ ኤርፖርቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። በዕድሜዬ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት አንድ ብቻ ነው። እሱም ቤቴን ለአርባ ዓመት ያሰረው ነው።

ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ከተማ ያለው ታውንሀውሳችን፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤታችን፣ ሦስት ፎቅ ነው። ከታች መኪናው፣ መሃል ላይ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ፣ ከላይ መኝታ ቤቶቹ። ስንገዛው ጉልበታችን ደህና ስለነበር ደረጃው እንደ ጌጥ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ "እስኪ ላሳያችሁ" እያልን ሽቅብ እንነዳው ነበር። ዛሬ ያንን ደረጃ ሳየው ማን እንደሠራው ፈልጌ ልደበድበው ያምረኛል። ባለቤቴ ሰናይት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሎች ሰዎችን አባትና እናት ስታነሳ ስታስተኛ ስንት ዓመት ኖራ አሁን የራሷ ጉልበት አልነሳ አላት። ሐኪሙ "ደረጃ እርሺው" ብሏታል። እኛ ቤት ደረጃ መርሳት ማለት ወይ ከመኪናው ጋር ማደር ነው፣ ወይ ወጥ ቤት ሳይገቡ መኖር ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የኋሊት ትወርዳለች። እኔ ከታች ሆኜ እጄን ዘርግቼ እጠብቃታለሁ። ብትወድቅ እንደማልይዛት ሁለታችንም እናውቃለን።

በመጨረሻ ቤቱን ልንሸጥ ገዢ አገኘን። እኛም ከዚያው ከአውሮራ ሳንወጣ መሬት ላይ የተዘረጋ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አገኘን። ሰናይት ቤቱን ያየች ቀን ከበሩ እስከ መኝታ ቤቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። "አንዲት ደረጃ እንኳ የለውም እኮ" አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀጠሮው ዓርብ ሆነ። ጠዋት የእኛን ሸጠን እንፈርማለን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ገንዘብ አዲሱን እንገዛለን። የእኛ ጠዋት ካልተሸጠ የከሰዓቱ የለም፤ የከሰዓቱን ቤት ደግሞ ከእኛ ኋላ የቆሙ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል።

ሰኞ ዕለት ከታይትል ካምፓኒው ተደወለልኝ። ታይትል ካምፓኒ ማለት ቤት ሲሸጥ ካውንቲ የሚባለውን የአካባቢ መስተዳድር መዝገብ እየፈተሸ፣ ቤቱ ላይ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን የሚያጣራ ድርጅት ነው። እኔ ኤርፖርት ቆሜ ተሳፋሪ እየጫንኩ ነበር።

"ቤታችሁ ላይ የተመዘገበ ነገር አግኝተናል" አለችኝ ሴትዮዋ። "ከሪል እስቴት ካምፓኒ ጋር የተፈራረማችሁት ውል አለ?"

"በፍጹም!" አልኳት። ድምፄ ውስጥ የነበረው ቁጣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይበቃ ነበር።

ሴትዮዋ ስሜን ከነአባቴ ስም አነበበችልኝ፤ ቀኑንም ጨመረች። ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወደመጣበት ተመለሰ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሰናይት ሥራ ላይ ነበረች። በሩ ተንኳኳና ስከፍት ሚኪያስ ቆሟል። ሚኪያስ የእትዬ አስካለ ልጅ ነው። እትዬ አስካለ ማለት ሰናይት ስትወልድ፣ ሰው በማናውቅበት አገር፣ በየቀኑ በአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በኮልፋክስ ጎዳና መጥተው ገንፎ ያገነፉልን፣ ልጃችንን ያጠቡልን ሴት ናቸው። ልጃቸው እንግዲህ ሱፍ ለብሶ፣ ፎልደር ይዞ መጣ። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ምስር ወጥ አሙቄ አቀረብኩለት፤ "እንደ እማዬ ወጥ ነው" ብሎ በላ። ከዚያ ፎልደሩን ከፈተ።

"ጋሼ፣ ሌላ ነገር አይደለም። ወደፊት ቤት መሸጥ ቢፈልጉ ለእኛ ካምፓኒ ይነግሩናል፣ በቃ። ለዚህ ደግሞ ካምፓኒው ለምስጋና ትንሽ ቼክ ይሰጥዎታል። ወረቀቱ ፎርማሊቲ ነው፣ ለደንቡ ያህል።"

ወረቀቱ አስራ ሁለት ገጽ ነበር። መነጽሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ እስከ ኪሴ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እስኪ ንገሩኝ፤ እናቱ ልጄን ያጠቡልኝ ልጅ ፊት፣ ምስሬን በልቶ እጁን ሳይታጠብ፣ መነጽር አውጥቼ አስራ ሁለት ገጽ ማንበብ ምን ማለት ነው? "አንተን አላምንህም፣ እናትህንም አላምናቸውም፣ ምስሩንም መልስልኝ" ማለት አይደለም? ፈረምኩ። አራት ቦታ ላይ ነው የፈረምኩት። አምስተኛውን እሱ ነው ገልጦ ያሳየኝ፣ ቸኩዬ ዘልዬው ነበር። ቼኩ ሲመጣ ጠጠር የሰነጠቀውን የመኪናዬን የፊት መስታወት ቀየርኩበት። ለሰናይት አልነገርኳትም፤ በር ላይ ለመጣ ሻጭ ሁሉ እሺ ማለቴን እንደ በሽታ ስለምትቆጥረው።

ሴትዮዋ እንዳስረዳችኝ፣ ለካ ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፤ ቤቱን በሚቀጥሉት አርባ ዓመታት ውስጥ ስሸጥ የሚያሻሽጠው ያ ካምፓኒ ብቻ ነው። በሌላ ሰው በኩል ከሸጥኩ ከሽያጩ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። እኔ ብሞት ውሉ ወራሾቼን ይይዛል። ወረቀቱም ካውንቲው መዝገብ ላይ ስለገባ፣ ገዢ ሲመጣ በር ላይ እንደተኛ ውሻ ነው የሚጠብቀው። አሰላሁት። ስፈርም ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ነጻ የምወጣው በዘጠና አራት ዓመቴ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ከሦስተኛ ፎቅ የሚያወርደኝ ሰው ይገኛል?

"መፍትሔ አለው" አለች ሴትዮዋ። "ኮሎራዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል መዝገብ ላይ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አለ። እኔ የሕግ ምክር መስጠት አልችልም፤ ግን ወረቀቶቹን በኢሜይል ልኬላችኋለሁ፣ አንብቡት። ደግሞ ሌላም…"

ሌላውን አልሰማሁትም፤ አንድ ተሳፋሪ በሻንጣው መስኮቴን ያንኳኳ ነበር። ኢሜይሉንም አልከፈትኩትም። ሰው ሲደነግጥ ጠባዩ ይገለበጣል መሰለኝ፤ የክኒን ወረቀት የሚያነብ ሰው የገዛ ቤቱን ኢሜይል ፈራ። "ሕግ" የሚለውን ቃል ስሰማ ደግሞ የታየኝ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት፣ ዓርብም ማለፉ ነው። ስለዚህ ሕግ ያለበት አገር ተቀምጬ፣ ሕጉ ስልኬ ውስጥ ተኝቶ፣ እኔ ያሰብኩት ሽማግሌ መላክ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ምን ልፈልግ እንደወጣሁ ጠፋኝ፣ ወረድኩ። ጋራዥ ገብቼ የመኪናውን የፊት መስታወት ተቆጥቼ አየሁት፣ ተመለስኩ።

"ምን ሆነሃል?" አለች ሰናይት።

"ሆዴን ነው" አልኳት። እሷም ከወትሮዋ ውጭ ነበረች፤ የቅመም ጠርሙሶችን ከመደርደሪያ አውርዳ ትወለውላለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ታወርዳለች። የዓርቡ ጭንቀት ነው አልኩና ተውኳት።

ማክሰኞ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ጋሽ ወርቁን አገኘኋቸው። ጋሽ ወርቁ ወደዚህ አገር ቀደም ብለው ከመጡት ናቸው፤ ያኔ የተከራዩት ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር ያለ አፓርታማ ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላደራደሩት ማኅበር የለም። ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ጠብ ግማሹ ያልቃል፤ ሲናገሩ ሌላው ግማሽ። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

"ያስፈረመህ ማን ነው?" አሉኝ።

"የእትዬ አስካለ ልጅ ነው።"

"እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል? የሰው ልጅ እኮ ነው! ሄደን እናነጋግራቸዋለን፤ ውሉን ቀደው ይጥሉልሃል።"

"ጋሽ ወርቁ፣ ውሉን ላምጣልዎት? ስልኬ ላይ አለ መሰለኝ።"

"ምን ያደርግልኛል?" አሉ እየተገረሙ። "ሽምግልና በወረቀት ሆኖ ያውቃል?"

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ወርቁንና ሁለት ጓደኞቻቸውን ጭኜ ዴንቨር መሃል ከተማ ወሰድኳቸው። የካምፓኒው ቢሮ የሆነ ፎቅ ላይ ነው። ሦስቱም ሱፍ በነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንደኛው ነጠላ ደርበዋል። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር ተከትሎ አይገባም፤ ውጭ ሆኖ ፈራ ተባ ማለት ነው ደንቡ። ፈራ ተባ ስል ሁለት ሰዓት አለፈ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የመኪናዬን መመሪያ መጽሐፍ አውጥቼ ስለ ጎማ አየር ሰባት ገጽ አነበብኩ። የፓርኪንግ ሜትሩ አለቀብኝ፣ ጨመርኩ፣ እንደገና አለቀ። በመኪናው ዙሪያ ስሽከረከር የሕንጻው ጠባቂ መጥቶ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። "ቤት" አልኩት።

በመጨረሻ ሦስቱም እየሳቁ ወጡ። እያንዳንዳቸው የካምፓኒው ስም ያለበት የጨርቅ ከረጢት ይዘዋል። የጋሽ ወርቁ ደረት ኪስ ላይ አዲስ እስክርቢቶ ተሰክቷል።

"እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች መሰሉህ!" አሉ ጋሽ ወርቁ መኪና ውስጥ ሲገቡ። "ሚኪያስ ብድግ ብሎ ጉልበታችንን ሳመ። አለቃቸው ራሷ መጥታ ጨበጠችን። ሻይ አመጡ።"

"ስለ ቤቴስ ምን አሉ?"

"እሱን እናየዋለን ብለዋል። በጣም በአክብሮት ነው ያሉት።"

"መቼ ያዩታል? ዓርብ እኮ ነው!"

"ቀኑን መጠየቅ ማጣደፍ ይሆንብናል ብለን ተውነው።" ጋሽ ወርቁ ከረጢታቸውን ነካ ነካ አደረጉት። "እንዲያው ግን ያን ሁሉ አክብሮት ተቀብለን ባዶ እጃችንን ብድግ ብለን መውጣቱ ነውር ሆነብን። አንዲት ወረቀት ነበረች… እሷን ፈረምንላቸው።"

መኪናውን ወደ ዳር አውጥቼ አቆምኩ።

"ሦስታችሁም?"

"ሦስታችንም።"

"ጋሽ ወርቁ! እርስዎ እኮ ቤት የለዎትም! ተከራይ ነዎት!"

"ብያቸዋለሁ እኮ። 'ሲገዙ ይሆንዎታል' አሉኝ። ምን ልበላቸው ታዲያ?"

"አነበቡት?"

ጋሽ ወርቁ ዘወር ብለው አዩኝ። በሠላሳ ዓመት ሽምግልናቸው እንዲህ ያለ ብልግና የሰሙ አይመስሉም።

"በሰው ፊት?" አሉኝ።

መኪናውን አስነሳሁ። ያንኑ መልስ እኔም ለራሴ የሰጠሁት ነው። የሁለቱ ጓደኞቻቸው ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ እነሱ ቤት አላቸው። ጠዋት የታሰረው የእኔ ቤት ብቻ ነበር። ላስፈታ ሄጄ ሁለት ቤትና አንድ ገና ያልተገዛ ቤት አሳስሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ፈረቃ ቀየርኩና ለሰናይት "የመኪና ዘይት ላስቀይር" ብዬ ወደ ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ዕቅዴ ይኼ ነበር፤ መዝጋቢዋን እግሯ ላይ ወድቄ ወረቀቱን እንድታጠፋልኝ እለምናታለሁ። እንዲህ ያለ ዕቅድ የያዘ ሰው ተራ ቁጥር ሲሰጡት ትንሽ ይቀዘቅዛል። ስልሳ ሁለት ደረሰኝ። መቀመጫ ፍለጋ ስዞር አንዲት ሴት እግሯን ትርፍ ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አዘረጋጓን አወቅሁት። ጉልበቷንም አወቅሁት።

"ሰናይት! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"አንተስ? ዘይት የሚቀየረው እዚህ ነው እንዴ?"

ቁጥሯን አየሁት፤ ስልሳ አንድ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ስክሪኑን ማየት ጀመርን፤ አርባ ስምንት ላይ ነበር።

"ለሁለታችንም የላኩልንን ኢሜይል አላነበብከውም አይደል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አላነበብኩትም።"

"አውቄዋለሁ። አንብበኸው ቢሆን ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ ላይ ስትወጣ ስትወርድ አትውልም ነበር፤ መጥተህ ትጮህብኝ ነበር።" ጭኗ ላይ የነበረውን ወረቀት ሰጠችኝ። ቤታችን ላይ የተመዘገበው ውል አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ላይ የእኔ ፊርማ አለ። በሁለተኛው ላይ፣ ከሳምንት በኋላ፣ የሰናይት።

"እኔ ሌሊት ሠርቼ የገባሁ ቀን ነው የመጣው" አለች። "የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ምን ልበለው? ሽሮ አቀረብኩለት። ለአንተ እንዳይነግርህ ለመንኩት። 'ችግር የለም' አለኝ።"

"እኔም ላንቺ እንዳይነግርሽ ለምኜዋለሁ።"

"ምስጢር ጠባቂ ልጅ ነው" አለች።

ያኔ የሳሎኑ አዲስ መጋረጃ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም የመኪናው መስታወት ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችኝም። አሁን ተያየን። ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኳት፤ የጋሽ ወርቁን ሳይገዛ የታሰረ ቤት ስነግራት ሳቋ አመለጣትና አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የተነሳው ያኔ ነው፤ ሦስት ቀን ያቃጠለኝ አርባው ዓመት ሳይሆን ከእሷ መደበቄ ኖሯል።

ስልሳ አንድ ሲጠራ አብረን ተነሳን። መዝጋቢዋ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

"የሕግ ምክር መስጠት አልችልም" አለች ገና ሳንናገር። "ግን ይህች ወረቀት ለማንም ሰው የተቀመጠች ናት።" ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ አሻገረችልን። መኖሪያ ቤትን ወደፊት ለማሻሻጥ የሚደረግ ውል ከዓመት አልፎ የሚዘልቅ፣ ቀጣዩን ባለቤት የሚያስር፣ ወይም ቤቱን እንደ መያዣ የሚይዝ ከሆነ አይጸናም፤ መዝገብ ላይም መግባት የለበትም፤ ገብቶ ቢገኝ እንደሌለ ይቆጠራል ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ የተንከራተትኩበት፣ ሽማግሌ የላኩበት፣ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር ይኸው ነው። ማንም ይቅር እንዲለኝ አያስፈልግም ነበር። ማንበብ ብቻ ነበር።

"ታዲያ የእኛ እንዴት ገባ?" አልኳት።

"ርዕሱ 'ማስታወሻ' ይላል። እኛ የምናየው ኅዳጉ ልክ መሆኑን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ነው። ውስጡን አናነብም።"

እሷም አታነብም! ይህን ስሰማ አንገቷን አቅፌ ልስማት ቃጣኝ፤ በመካከላችን ያለው የመስኮቱ መስታወት ከለከለኝ።

ሰናይት አስቀድማ ሁሉንም አዘጋጅታ ነበር። ውሎቹ በሕጉ መሠረት የማይጸኑ መሆናቸውን የምንገልጽበት ሁለት ገጽ ማስታወቂያ ጽፋ፣ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ የምታስታምማቸው ጡረተኛ ጠበቃ አይተውላት፣ የቀረው የእኛ ፊርማ ነው። በዚያው መስኮት አጠገብ ፊርማ የምታረጋግጥ ኖተሪ አለች። ሰናይት ፈረመችና እስክርቢቶውን ሰጠችኝ።

"ፈርም።"

መነጽሬን አወጣሁ። አደረግኩት። ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

"አሁን ነው ማንበብ ያማረህ?" አለች። ከኋላችን ያሉት ጉሮሯቸውን ያጸዳሉ። ስልሳ ሦስት ቁጥር የያዘው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። አላቆምኩም። ሰናይት ክርኔን ይዛ፣ ክብደቷን በደህናው እግሯ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ሁለተኛውን ገጽ ጨረስኩና ፈረምኩ። አንዲት ስህተት አግኝቼም ነበር፤ የመንገዳችን ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ አስተካከልነው። ይህን የምጠቅሰው ስለራሴ ጥሩ ነገር የማወራበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

የታይትል ካምፓኒው ጠበቃ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አይቶ ተቀበለው። ዓርብ ጠዋት ሸጥን፣ ዓርብ ከሰዓት ገዛን። የሁለቱን ሽማግሌዎች ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው መንገድ ጨረስነው። ጋሽ ወርቁ ግን ወረቀታቸውን አልሰጡንም፤ "ምናልባት አንድ ቀን እገዛ ይሆናል" ብለው በተስፋ አስቀመጡት።

በአዲሱ ቤት ሦስት ሳምንት እንደቆየን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሚኪያስ ነው። በአንድ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ በሌላው ፎልደር ይዟል።

"እማዬ ናት የላከችው፤ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ ብላለች" አለ ጫማውን እያወለቀ። ገባ። ሰናይት ምግብ አቀረበች። ዳቦው ተቆረሰ። ሲበላ ሲበላ ቆየና እጁ ወደ ፎልደሩ ሄደ።

"ጋሼ፣ አዲስ ቤት ስለሆነ ያው አዲስ ወረቀት ያስፈልጋል። ፎርማሊቲ ነው።"

"ችግር የለም" አልኩት። "ሰናይት፣ ሻይ ድገሚለት። መነጽሬንም አቀብዪኝ።"

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛውን አንብቤ በአማርኛ እፈታለሁ፤ ፈትቼ "ገባህ ሚኪ?" እለዋለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ፈገግ ብሎ ነበር። በሁለተኛው ስልኩን አየት አደረገ። መነሳት እንዳይችል ፊቱ ሙሉ ሰሃን አለ፤ ትልቅ ሰው ደግሞ እያነበበለት ነው። አየሁት፤ እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ደስ አላለኝም አልልም፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ሦስተኛውን ገጽ ሆን ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።

አራተኛው ገጽ ላይ ስለ አርባው ዓመት አነበብኩ። ከዚያ ባለቤቱ ቢሞት ውሉ ወራሾቹን እንደሚይዝ ይላል። ሚኪያስ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሰሃኑ መለሰው።

"ወራሾቹን?" አለ። "እዚያ ላይ ነው የሚለው?"

"አንብበኸው አታውቅም?"

"ስልጠናው ላይ ባጭሩ ነው የነገሩን ጋሼ። አለቃዬ ፊት ቁጭ ብዬ ማንበብ… ያላመንኳት ይመስላታል ብዬ ነው።" ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ የተቆረሰውን ዳቦ አየ። ፊቱ ተለወጠ። "የመጀመሪያ ደንበኛዬ እማዬ ናት" አለ። "ለልምምድ ብዬ ነው እሷን ያስፈረምኳት። እሷም አላነበበችውም። ልጄ ነው ብላ ነው።"

ሳቄ እዚያው ደረቀ። እትዬ አስካለ ያቺን ቤት ለመግዛት ስንት ዓመት የሰው ቢሮ እንዳጸዱ እናውቃለን። ሰናይት ብድግ ብላ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፤ ደረጃ የለም፣ ወዲያው ነው የተመለሰችው። የካውንቲዋ ሴት የሰጠችንን ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ፊቱ አስቀመጠችለት።

ልጁ ወረቀቱን አነሳ። ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በሰው ፊት አነበበው። ሲጨርስ አዲሱን ውል መልሶ ፎልደሩ ውስጥ ከተተና ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ማክሰኞ ከእማዬ ጋር እዚያ ካውንቲው ቢሮ ይሄዱልኛል? እኔ ብቻዬን ልነግራት አልችልም።"

ማክሰኞ የጠዋት ፈረቃ ነኝ። የእኔን ሦስት ቀን ያሳጣኝ ሰው ነው። ሽማግሌዎቼን ከረጢት አስይዞ የመለሰ ሰው ነው። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሰናይት ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ቀድማ ሳቀች።

እሺ አልኩት። ምን ላድርግ፤ የእትዬ አስካለ ልጅ ነው።